የከንቲባ ዳንኤል ሆአን ሰነዶች፦ በጋራ የጥናት ሐሳባችን ላይ የተደረገ ውይይት

ከጸሐፊዋ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ከ1916 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የምትገኘውን የሚልዋኪን ከተማ በከንቲባነት ያስተዳደሩት የሶሻሊስቱ ዳንኤል ሆአን ሰነዶች በሚልዋኪ ካውንቲ ታሪክ ማኅበር ይገኛሉ። የጥናት ሐሳባችን በእነዚህ ላይ እንዲመሠረት ስለተስማማን ረቂቁን አቅርቤአለሁ። ረቂቁ የሥራ ዘመናቸውን ተከትሎ ይሄዳል፤ በወጥ ቤት ሠራተኛነት ራሳቸውን እየረዱ ተምረው ጠበቃ መሆናቸውን፣ በ1910 የከተማው ዐቃቤ ሕግ ሆነው መመረጣቸውን፣ ከዚያም ሰባት ጊዜ የከንቲባነት ምርጫ ማሸነፋቸውን ይዘረዝራል።

ከአንድ አባል፦ እህታችን ብዙ ደክመውበታል፤ ቅር ያለኝ ሰውየውን ብቻቸውን ማቆሙ ነው። በአብዛኛው ዘመናቸው ፓርቲያቸው በከተማው ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ስላልነበረው፣ ለአንድ የቧንቧ ሥራ እንኳ ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር መነጋገር ግድ ይላቸው ነበር። እንግዲህ አብላጫ የሌለው ከንቲባ የከተማውን ሥራዎች እንዴት አስወሰነ የሚለውን ዋና ጥያቄያችን ብናደርገው እላለሁ። መልሱንም ከንግግሮቻቸው ይልቅ በደብዳቤዎቻቸው ውስጥ እንፈልገው።

ከመሐንዲሱ አባል፦ በዚህ እስማማለሁ፤ የጆንስ አይላንድ ፍሳሽ ማጣሪያም ምዕራፍ ይሰጠው። ከተማው ፍሳሹን ወደ ወንዞቹ ይለቅ ነበር፤ ወንዞቹ ደግሞ የሚገቡት የመጠጥ ውኃ በሚቀዳበት በሚቺጋን ሐይቅ ነው። ማጣሪያው በ1925 ሥራ ጀመረ፤ በዓመቱ የደረቀው ዝቃጭ ሚሎርጋናይት ተብሎ ለማዳበሪያነት መሸጥ ጀመረ፤ ዛሬም ይሸጣል። ከረጢቱን ለከፈተው ሰው ውስጡ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ቡናማ ደቃቅ ነገር ነው። የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች የሚልዋኪዎቹን "የፍሳሽ ቦይ ሶሻሊስቶች" እያሉ ሲያንቋሽሹአቸው፣ የሕፃናት ጤና የተጠበቀው በዚያው ቦይ መሆኑን ሐሳባችን በግልጽ ሊናገር ይገባል።

ከገንዘብ ያዡ፦ አቅማችን ሁሉንም ሣጥን ለማንበብ አይፈቅድም። በመጀመሪያው ዓመት በፍሳሽና በቤት ጉዳይ የተጻጻፉትን ብቻ እንያዝ። ጋርደን ሆምስ በተባለው የከተማው የመኖሪያ ሰፈር ከ1921 እስከ 1923 የተሠሩት 105 ሕንፃዎች ነዋሪዎቹ በአክሲዮን በጋራ እንዲይዙአቸው ታስበው ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ግን ወደ ግል ይዞታ ዞሩ። ይህ ስኬት ስላልሆነ ከሐሳባችን እንዳይወጣ አደራ እላለሁ፤ ነዋሪዎቹ የጋራውን ይዞታ ለምን እንደተዉት ማወቅ ከምርጫ ድሎቹ ሁሉ ይበልጥ ይጠቅመናል።

ከጸሐፊዋ፦ የተሰጡትን አስተያየቶች በሙሉ ተቀብያለሁ። የሕይወት ታሪኩን ወደ አንድ ገጽ አሳጥሬ የምክር ቤቱን ጥያቄ አስቀድማለሁ። ያልተቋጨው ጥናታችን የት ይቁም የሚለው ነው። ሆአን በ1940 በካርል ዛይድለር ከተሸነፉ በኋላ ወደ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ገብተው በ1944 እና በ1946 ለዊስኮንሲን ገዥነት ተወዳድረዋል። የእኔ ሐሳብ በ1940 እንድናቆም ነው፤ የተለየ አስተያየት ያላችሁ እስከ መጪው ስብሰባ ድረስ በጽሑፍ አድርሱኝ።