ከአንድ ቀን እደላ ዓመቱን ሙሉ አብሮ ወደ መቆም፦ ቤት ለሌላቸው ወገኖች የምናቀርበው የጋራ ፕሮፖዛል

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ቤት ለሌላቸው ወገኖች የምናዘጋጀውን ፕሮፖዛል በስብሰባው ሰዓት ልንጨርሰው ስላልቻልን እዚሁ እየተጻጻፍን እናስተካክለው። መነሻው ረቂቅ ይህ ነው፦ በዓመት አንድ ጊዜ ብርዱ ሲጠና ብርድ ልብስ፣ አልባሳትና ደረቅ ምግብ እናድላለን፤ አባላት በሙሉ ወጥተን እንሳተፋለን፤ ወጪው ከመዋጮና ከለጋሾች ይሸፈናል። የማትስማሙበትን ሳትሸፋፍኑ ጻፉ፤ ኋላ ቃለ ጉባኤ ላይ ከመጨቃጨቅ አሁን ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦
ወጪው አያስፈራም፤ በዚያ በኩል ተቃውሞ የለኝም። የሚያሳስበኝ የቀድሞው እደላ ሪፖርት ነው። ምን ያህል ብርድ ልብስ እንደተገዛ፣ በማን ፊርማ እንደወጣ፣ ደረሰኙ ሁሉ ተሟልቷል። የተቀበለው ሰው ከዚያ በኋላ ምን ላይ እንደደረሰ የሚናገር ግን አንድ መስመር የለም። ለጋሽ ዘንድ ስንሄድ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ይኸው ነው።

አባል (ጎዳና ላይ የኖረ)፦
ስለ ብርድ ልብሱ እኔ ልናገር። ሌሊት ነፍስ ያድናል፤ አትስጡ አልልም። ሲነጋ ግን የት ታስቀምጠዋለህ? ጥለኸው ከሄድክ ወይ ይሰረቃል ወይ ከቆሻሻ ጋር ተጠርጎ ይሄዳል። ተሸክመኸው ሥራ ፍለጋ ብትወጣ ቀጣሪው ዓይኑ ጥቅልሉ ላይ ያርፍና "ሌላ ቀን ና" ይልሃል።

ጎዳና ላይ ያለ ሰው ሥራ ፈት ይመስላችኋል። እኔ እንደዚያ ዘመን ጥድፊያ የበዛበት ኑሮ አላውቅም። ምግብ የሚሰጥበት ቦታ በሰዓቱ መድረስ፣ መጸዳጃ የሚያስገባ ሰው መለማመጥ፣ የመኝታው ጥግ በሌላ ሰው ሳይያዝ ቀድሞ መገኘት፤ ቀኑ በዚህ ያልቃል። አመሻሽ ላይ ውኃ አልጠጣም ነበር፤ ሌሊት የምሄድበት መጸዳጃ የለማ። ጫማዬን ትራስ አድርጌ እተኛለሁ፣ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እባንናለሁ። እንደዚያ ያደረ ሰው ነው እንግዲህ ጠዋት "ለምን ራስህን አትለውጥም?" የሚባለው።

ደግሞ ወረቀት አለ። መታወቂያዬን በፌስታል ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ እይዘው ነበር። ዝናብ ገባበትና ፎቶው ጠፋ። ምትክ ልጠይቅ ስሄድ አድራሻ አምጣ ተባልኩ። አድራሻ እንዲኖረኝ ልከራይ ብል አከራዩ መታወቂያ ይላል። ከዚህ አዙሪት ያወጣኝ ቢሮው ድረስ አብሮኝ ሄዶ ወረፋ ላይ የቆመ አንድ ሰው ነው። ገንዘብ አልሰጠኝም። ቆመ፣ ተናገረልኝ፣ በቃ።

ፎቶም አታንሱ። "እምቢ ማለት ይቻላል" ይባላል። ርቦህ ተሰልፈህ ተራህ ሲደርስ እስቲ እምቢ በል።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ስለነገርከን እግዜር ይስጥልኝ። የሕክምናውን ወገን ልጨምር። እግር በረጠበ ካልሲና ጫማ ውስጥ ሲሰነብት ቆዳው ይነጣል፣ ይጨማደዳል፣ ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ ይቆስላል። ለዚህ በረዶ አያስፈልግም፣ ከዜሮ በላይ ባለ ቅዝቃዜም ይመጣል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ታጥቦ ማድረቅ፣ ደረቅ ካልሲ መቀየር፣ ጫማ አውልቆ መተኛት። ጫማው ከወለቀ እንደሚሰረቅበት ለሚያውቅ ሰው ይህን ምከሩት እንግዲህ! የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው ኢንሱሊንም ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ጎዳና ላይ ማቀዝቀዣ ከየት ይመጣል? የሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በየሳምንቱ ከተኛበት የሚነሳ ሰው መድኃኒቱ ይቋረጥበታል። እኛም ካርዱ ላይ "አቋርጧል" ብለን እንጽፋለን። ለምን እንዳቋረጠ የሚጻፍበት ቦታ ካርዱ ላይ የለም።

በዕድሜ ትልቋ አባል፦
ልጆቼ፣ አንጀቴን በላችሁት። ቢሆንም የሚከነክነኝን ካልተናገርኩ አልተኛም። እጁ የገባውን ሁሉ ለመጠጥ የሚያውል ሰው አውቃለሁ፤ ዘመዴ ነው። ቤት ብትከራዩለት እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠጣል። መጀመሪያ ይታከም፣ ይላቀቅ፤ ከዚያ ይረዳ። የያዝነው የሰው ገንዘብ ነው።

ጸሐፊ፦
እትዬ፣ የብዙዎቻችንን ሐሳብ ነው የተናገሩት። በየአገሩም ለረጅም ጊዜ የተሠራው እርስዎ እንዳሉት ነበር፦ መጀመሪያ ሱሱን ተው፣ ቀጥሎ መጠለያ፣ በመጨረሻ ቤት። እ.ኤ.አ. በ1992 ሳም ሴምቤሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኒውዮርክ ላይ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ቤቱ ይቅደም፣ ሕክምናውና ምክሩ ሰውዬው እንደፈለገው ይከተል አለ። ካናዳ ይህንኑ ከ2009 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በ5 ከተሞች ከ2,000 በላይ ሰዎችን በዕጣ እየለየች ፈተነችው። በጥናቱ የመጨረሻ 6 ወራት ሙሉውን ጊዜ ቤት ውስጥ የቆዩት ቤት በቀደመላቸው ወገን 62 በመቶ፣ በነባሩ አሠራር 31 በመቶ ነበሩ።

ሌላም አለ። ቫንኩቨር ውስጥ ቤት ላጡ 50 ሰዎች ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ 7,500 የካናዳ ዶላር በአንድ ጊዜ ተሰጣቸው። በዓመቱ ውስጥ ገንዘቡን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ ያለ ቤት ያሳለፉት ጊዜ በአማካይ በ99 ቀናት ቀነሰ፤ ለመጠጥና ለሱስ የሚያወጡት አልጨመረም። እዚህ ላይ ግን አልደብቅዎትም፤ ይህ ጥናት ከባድ ሱስ ያለባቸውን አላካተተም። ስለ ዘመድዎ መልስ አይሰጥም።

በዕድሜ ትልቋ አባል፦
አለመደበቅህን ወደድኩት። ግማሽ ልቤን ወስደሃል፤ ግማሹ ገና ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ግማሹ ልብ እኔም ጋ አለ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ከ18,000 በላይ የነበረውን ቤት አልባ በ2022 ከ4,000 በታች አድርሳለች፤ ጥሩ። ግን እንዴት? መንግሥትና ከተሞች ቤት ሠሩ፣ ገዙ፣ የጋራ መጠለያዎችን ቁልፍ ወዳላቸው የኪራይ ቤቶች ቀየሩ። እኛ በመዋጮ የምንተዳደር ማኅበር ነን። "ቤት እንሰጣለን" ብለን ብንጽፍ ቅጥፈት ይሆናል። እጃችን የሚደርስበትን እንፈልግ።

አባል (ክፍል የሚያከራይ)፦
ጋሼ ልክ ናቸው፤ እጃችን የሚደርስበትን እኔ ልጠቁም። አከራይ ከጎዳና የመጣን ሰው የማይቀበለው በገንዘቡ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ቢፈጠር ማንን እንደሚጠራ አያውቅም። ማኅበሩ ቅድሚያውን ከፍሎ ቢጠፋ እኔና ተከራዩ ተፋጠን እንቀራለን። ዋስ የምትሆኑ ከሆነ ስልክ የሚያነሳ ሰው ስም ውሉ ላይ ይግባ። ማታም ቢሆን የሚያነሳ።

ከዚህ የበለጠው ደግሞ ይህ ነው። ሰው ከቤቱ በአንድ ቀን አይወጣም። መጀመሪያ ራሱ መጥቶ "ትንሽ ታገሰኝ" ይላል። ቀጥሎ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይዞራል። ከዚያ በሩን ሳንኳኳ መብራቱን ያጠፋል። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው አንድ ሳምንት ከታመመ፣ ወይ ሥራው ለአንድ ወር ከተቋረጠ፣ እዚህ ለመድረስ ሌላ ምክንያት አይፈልግም። ያኔ ውዝፉ የአንድ ወይ የሁለት ወር ኪራይ ነው። ያን ከፍሎ ማቆየትና ጎዳና ከወረደ በኋላ ቅድሚያ፣ አልጋ፣ ድስት፣ መታወቂያ አሟልቶ መልሶ ማስገባት በወጪም በልፋትም አይገናኙም።

ወጣት አባል፦
የመግቢያውን ገጽ እኔ ብጽፈው ደስ ይለኛል። አሁን ያለው ሆድ ለማባባት የተጻፈ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ አንቀጽ 25 ቤትን ከምግብ፣ ከልብስና ከሕክምና ጋር አንድ ላይ ነው የጠቀሰው፤ ከዚያ እንጀምር። ስለ ወረቀትም፣ የዓለም ባንክ ግምት በዓለም ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው መታወቂያ የለውም ይላል። በተረፈ ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ያለው ባዶ ክፍል ቁልፍ ያላቸው ሳጥኖች ቢገቡበት የዕቃውን ነገር ያቃልላል። ደብዳቤ መቀበያ አድራሻ መሆን ይፈቀድልን እንደሆነም ጠይቄ አሳውቃለሁ።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ ሁለተኛውን ረቂቅ እንዲህ ሞከርኩት፤ ቆራርጡት፦

"ማኅበሩ ከቤታቸው ሊወጡ ለተቃረቡ ሰዎች ውዝፍ ኪራይ በቀጥታ ለአከራዩ ይከፍላል። ጎዳና ላይ ላሉት መታወቂያ እስኪያወጡ፣ ሕክምና እስኪጀምሩና ክፍል እስኪያገኙ ድረስ አብሮ የሚሄድ ሰው ይመድባል፤ ክፍል ከገቡም በኋላ ለአንድ ዓመት አይለያቸውም። የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን ያዘጋጃል። ተረጂን ፎቶ አያነሳም። የብርድ ልብሱ እደላ ይቀጥላል፤ ከካልሲና ከእግር ማጠቢያ ጋር ሆኖ፣ ቀኑና ቦታው ጎዳና ላይ ካሉት ጋር ተመክሮ ይወሰናል።"

ነርሷ፦
"አይለያቸውም" የሚለው ያስፈራኛል። በጎ ፈቃደኛ ይታመማል፣ ቤተሰብ አለው፣ ይሰለቻል። ለአንድ ሰው ሁለት አባላት ይመደቡና ሲቀያየሩ ርክክብ ይኑር። ጥቂት ሰው ይዘን እንጀምር።

አባል (ጎዳና ላይ የኖረ)፦
እሷ ያለችውን አስምሩበት። ጀምራችሁ ከምትተዉን ባትጀምሩ ይሻላል። ሰው ሲጠፋብህ ቀጥሎ የሚመጣውን አታምነውም፤ እውነተኛው መጥቶም ታባርረዋለህ።

በዕድሜ ትልቋ አባል፦
ጥቂት ሰው ከሆነ ልጅ የያዙ ሴቶች ይቅደሙ። በዚህ እንኳ አትከራከሩኝም።

አባል (ጎዳና ላይ የኖረ)፦
እማማ፣ እከራከራለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅ የያዘች ሴት ቀን ይጎድልባታል፣ ግን የሚያዝንላት አታጣም። ብቻውን ያረጀ ወንድ፣ በተለይ ለብቻው የሚያወራ ከሆነ፣ ሰው መንገድ ቀይሮ ያልፈዋል። መስፈርቱ ችግሩ ከሆነ እሱም ወረፋው ላይ ይኑር።

በዕድሜ ትልቋ አባል፦
ዘመዴን አስታወስከኝ፤ እሱም ለብቻው ያወራል። እንግዲህ ድምፅ ይሰጥበት።

ጸሐፊ፦
ቅደም ተከተሉ ለድምፅ ይቀርባል፤ ሁለቱም አማራጮች በጽሑፍ ይግቡ። መግቢያውን ወጣቱ፣ የጤናውን ክፍል እህታችን፣ የዋስትናውንና የውሉን አንቀጽ አከራዩ ይጻፉ። የአብሮ መሄዱን መመሪያ ጎዳና ላይ የኖረው ወንድማችን ይጽፋል፤ ፈቃዱ ከሆነ የጊዜው አበል በጀት ውስጥ ይያዝለት፣ ሙያ ነውና በነፃ አንጠይቀውም።

ገንዘብ ያዥ፦
በአበሉ እስማማለሁ። የውዝፍ ኪራዩ ጣሪያ ግን ቁጥር ይፈልጋል፦ ለአንድ ቤተሰብ ቢበዛ የስንት ወር? እኔ ሁለት ብያለሁ። ሦስት የሚል ካለ ሦስተኛው ወር ከየትኛው የበጀት መስመር እንደሚመጣ አብሮ ይጻፍ።

አባል (ክፍል የሚያከራይ)፦
ሁለት ይሁን። ልመና የተጠላ ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ሁለት ወር እስኪሞላው ለማንም አይናገርም፤ ስለዚህ ማመልከቻው አንድ ገጽ ብቻ ይሁን፣ መልሱም በሳምንት ውስጥ ይድረስ። ካለዚያ ጣሪያው ቢጨመርም አይደርስለትም።