የአሜሪካ ዲስክ፣ የአውሮፓ ማጫወቻ፦ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ቸግሮኝ ነው የምጽፈው። የጣሊያናዊውን ዳይሬክተር የኤንዞ ካስቴላሪን የ1978 (እ.ኤ.አ.) የጦርነት ፊልም የምታውቁ አላችሁ? በእንግሊዝኛ «ዘ ኢንግሎሪየስ ባስታርድስ» ይባላል። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ታራንቲኖ ለ2009ኙ ፊልሙ ስም የተዋሰው ከዚህ ነው። ታሪኩ በ1944 ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ወደ እስር ቤት ይወሰዱ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ያመልጣሉ። ወደ ስዊዘርላንድ እንሻገር ሲሉ የጀርመንን የሮኬት መሣሪያ ከባቡር ላይ የመስረቅ ተልእኮ ውስጥ ይገባሉ። ፍሬድ ዊሊያምሰን እዚያ ላይ ግሩም ነው!

አባቴ ወጣት ሳለ ሮም ኖሯል፣ ይህን ፊልም በጣም ይወደዋል። ታላቅ ወንድሜ በአዲስ መልክ የወጣውን ዲቪዲ ከአሜሪካ ላከልኝ። እኔ ያለሁት ጀርመን ነው። ማጫወቻው ግን «ክልሉ አይፈቅድም» ብሎ ይተፋዋል። ዲቪዲና ማጫወቻ በዓለም ክልሎች ተከፋፍለው በቁጥር ይመደባሉ፤ የአሜሪካ ዲስክ ክልል 1 ነው፣ የአውሮፓ ማጫወቻ ደግሞ ክልል 2። ላፕቶፔ ላይ ስከተው ክልሉን ልቀይር ወይ ይለኛል። የሚቀየረው 5 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ፈርቼ ተውኩት።

የሁሉንም ክልል ዲስክ የሚያጫውት ማሽን ልግዛ? ወይስ ያለኝን ማጫወቻ የክልል ገደብ ከሪሞቱ ማንሳት ይቻላል? የሞከረ ሰው ደረጃ በደረጃ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። ያኔ የጣሊያን ፊልሞች ድምፅ በአብዛኛው ከቀረጻ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር የሚገባው። ታዲያ በጣሊያንኛ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ ማየት የሚሻለው? ሁለቱንም የሰማችሁ ንገሩኝ። አባቴ ቅዳሜ ይመጣል።