ጆርጅ መሬቱን ለምን ተወው?

የሌሊት ፈረቃ
ሰላም ለሁላችሁ። የስታይንቤክን «ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን» ትናንት ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ጨረስኩት። በ1937 እ.ኤ.አ. የታተመች ቀጭን መጽሐፍ ናት። እስኪነጋ ግን ከአእምሮዬ አልወጣችም።

ጆርጅና ሌኒ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከእርሻ እርሻ እየዞሩ የሚሠሩ ድሆች ናቸው። የራሳችን መሬት ይኖረናል፣ ጥንቸል እናረባለን ይላሉ። መጀመሪያ የምኞት ወሬ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ ደመርኩት። ቦታው 600 ዶላር ነው። እርሻው ላይ እጁን ያጣው ሽማግሌው ካንዲ፣ ከነካሳው 300 አለው፤ በወሩ መጨረሻ 50 ይጨምራል። እነ ጆርጅ ወሩን ሙሉ ሳንቲም ካላወጡ 100 ይይዛሉ። 450! ጆርጅ ራሱ በዚህማ እንገዛዋለን ይላል። አንድ ወር ብቻ ነበር የቀራቸው።

ከዚያ ሌኒ የአለቃውን ልጅ ሚስት ሳያስበው ገደላት። ሬሳዋ አጠገብ ካንዲ፣ እኔና አንተ ቦታውን እንገዛለን አይደል? ብሎ ይለምናል። ጆርጅ ሳይመልስለት ካንዲ ራሱ አንገቱን ደፋ። የካንዲ ገንዘብ እኮ አልጠፋም። ቦታውም እዚያው አለ። ታዲያ ለምን ተወው?

ቡና ሰዓት
ወንድሜ፣ መልሱ እዚያው ገጽ ላይ አለልህ። ጆርጅ፣ እንደማይሆን ከመጀመሪያውም ሳላውቀው አልቀረሁም ይላል። ሌኒ ወሬውን መስማት በጣም ስለሚወድ ግን፣ ሲነግረው ሲነግረው ራሱም ማመን ጀመረ። ሌኒ እኮ ታሪኩን በቃሉ ይዞታል። ያም ሆኖ ንገረኝ ይላል። አሁን ንገረኝ ባዩ ሊሄድ ነው። ጆርጅ ጥንቸሎቹን ለማን ብሎ ያረባል?

ማኅሌት ነኝ
እኔን አንጀቴን የበላኝ እዚያው እርሻ ላይ ፈረሶቹን የሚጠብቀው ክሩክስ ነው። ጥቁር በመሆኑ ከሌሎቹ ጋር አያድርም፤ ጋጣው ጎን ብቻውን ይተኛል። በጭንቅላታቸው ትንሽ መሬት ይዘው የመጡ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አይቻለሁ፣ አንዱም አላገኘም ይላል። ገንዘቡ መኖሩን ሲሰማ ግን ድምፁ ይለወጣል። ለምግቤ ብቻ እሠራለሁ፣ እኔንም ውሰዱኝ ይላል። ወዲያው ያቺው ሚስት፣ ዛፍ ላይ ላሰቅልህ እችላለሁ ብላ አስፈራራችው። ያቀረበውን መልሶ ዋጠው። ጆርጅ ሕልሙን ራሱ ነው የተወው፤ የክሩክስን ግን ነጠቁት። ሁለቱን አንድ አድርገን ማውራት የለብንም እላለሁ።

ቡና ሰዓት
ልክ ነሽ እህቴ፣ ክሩክስን ዘልዬዋለሁ። የአርተር ሚለርን ተውኔት «ዴዝ ኦፍ ኤ ሴልስማን»ንም ጨምሩበት። እዚያ ደግሞ ቤቱ ተገዝቷል። የ25 ዓመት ዕዳ ነው። ሊንዳ የመጨረሻውን ክፍያ የከፈለችው ሻጩ ባሏ ዊሊ በተቀበረበት ቀን ነው። ልጁ ቢፍ የሚላት ነገር አለች፤ አባቱ ሸጦ ከኖረው ሁሉ ይልቅ በእጁ የሠራት የቤቱ ደጃፍ ላይ የበለጠ እሱነቱ አለ። ዊሊ የሚችለውን ትቶ የማይሆንለትን ሲያሳድድ ኖረ። ጆርጅ ግን የሚችለውን ነበር የተመኘው፤ ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያመው።

የሌሊት ፈረቃ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ መጨረሻውን ደግሜ አነበብኩት። ወንዙ ዳር ጆርጅ ከኋላው ሽጉጥ ይዞ ለሌኒ ታሪኩን ይነግረዋል። ወዲያ ማዶ ተመልከት፣ እንድታየው አድርጌ እነግርሃለሁ ይለዋል። ሌኒ ቦታውን አየሁት አለ። ይሄን ትናንት በጥድፊያ አልፌው ነበር።