የተጣመመ የሞተር ቁልፍ ይቃናል ወይስ ይሰበራል? ቀዳዳውም ደርቆብኛል

የጅማው ሐኪም
ሰላም ለሁላችሁ። 150 ሲሲ ሞተር አለኝ፣ ሁለተኛ እጅ ነው የገዛሁት፣ ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ ትርፉ ጠፍቷል ብሎኝ ነበር ባለቤቱ። ስራዬ የእንስሳት ጤና ስለሆነ ከጅማ ወደ አጋሮ ባለው መስመር ገጠር ለገጠር ነው የምውለው፣ በጋ አቧራ ክረምት ጭቃ። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ቁልፉ ሲገባም ሲዞርም ያስቸግራል፣ በተለይ መሪውን ቆልፌ አድሬ ጠዋት ልከፍት ስል በሁለት እጄ ነው የምታገለው። ባለፈው ሳምንት ላም ምጥ ጠንቶባት ተጠርቼ እየቸኮልኩ በኃይል ሳዞረው ለስለስ ሲል ተሰማኝ፣ ሳወጣው ተጣሟል። ብርሃን ላይ ይዤ ሳየው የታጠፈው አንገቱ ላይ ሳይሆን መሀል ጥልቁ ጥርስ ጋ ነው፣ እዛችው ጋ ነጩ ቅብ ተልጦ ቢጫው ነሐስ ይታያል። እስካሁን ያስነሳልኛል። ጎረቤቴ በመዶሻ ቀጥቅጠው ይላል፣ ሌላው የተቃጠለ ዘይት አፍስበት ይላል። ውስጥ ቢሰበርብኝ ጫካ መሀል ነው የምቀረው፣ እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ

ቁልፍ ቀራጭ
ወንድሜ በመዶሻ እንዳትነካው! መዶሻ ጥርሱን ያሰፋዋል ከዛ በኋላ ለመቅረጽም አይሆንም። ነሐስ አንዴ ሲታጠፍ እዛች ቦታ ላይ ይደርቃል፣ መልሰህ ስታቃናው ደግሞ የበለጠ ይደርቃል፣ ስለዚህ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ሲቃና ወይም ከተቃና በኋላ ነው። በእሳት ላሙቀው እንዳትልም፣ ይለሰልስና በሚቀጥለው ቀን እንደገና ይታጠፋል። እንጨት ሰሪ ወይም ብየዳ ቤት ሂድና ሞርሳ (እቃ ጨምቆ የሚይዘው ብረት) ላይ በሁለት ለስላሳ እንጨት መሀል አጋድመህ ቀስ እያልክ እሰረው፣ ጠበቅ፣ ፈታ አድርገህ እየው፣ እንደገና ጠበቅ። ሲቃና ወደ ሞተሩ አይመለስ፣ ቀጥታ ወደ ቀራጭ። የቀናው ቁልፍ ስራው ለአዲሱ ሞዴል መሆን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን እወቅ፣ ማሽኑ የሚገለብጠው ያየውን ነው። ቁልፍህ ካረጀ ቅጂውም ሲወለድ ያረጀ ነው የሚሆነው። ቀዳዳው ውስጥ ቀጫጭን ላሜራዎች አሉ፣ እያንዳንዱ ትንሽ ሞላ አለው፣ ትክክለኛ ቁልፍ ሲገባ ሁሉም እኩል ይተኛሉ ከዛ ይዞራል። አንዱ እንኳ ትንሽ ብቅ ካለ ይይዛል፣ አንተ የምትታገለው ከሱ ጋር ነው። አዲሱም ካስቸገረህ ቁልፍ ማስገቢያውን አስፈትተህ ይዘህ ና፣ ላሜራዎቹን እያየን እንቀርጻለን። ጊዜ ይፈጃል ግን እሱ ነው ትክክለኛው

ባለሁለት ጎማ
ቁልፉ ላይ ሁሉም ሰው ያተኩራል እኔ ግን የምለው ችግሩ የመሪው አቆላለፍ ነው፣ ጠዋት ላይ ይብሳል ብሏላ። የፊት ጎማው ድንጋይ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ካደረ ክብደቱ የመሪውን መቆለፊያ ብረት ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ያኔ በቁልፍ ብትታገል የሚታጠፈው ቁልፉ ነው። ግራ እጅህን መሪው ላይ አድርግና ወዲህ ወዲያ ትንሽ ትንሽ እያወዛወዝክ በሁለት ጣት ብቻ አዙረው፣ ብረቱ የሚለቅበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል። እኔ ቀኑን ሙሉ እቃ ሳደርስ ስለምውል በቀን ሰላሳ ጊዜ እቆልፋለሁ እከፍታለሁ፣ አንድም ቀን በኃይል አላዞርኩም።

ደግሞ የቤት ቁልፍ፣ የቢሮ ቁልፍ፣ የጋን ቁልፍ (ትልቁን ጓንጉል ማለቴ ነው) አብረህ አንጠልጥለህ ከሆነ ለያቸው። ኮረኮንች ላይ ያ ሁሉ ክብደት ሲወዛወዝ ቁልፉንም ላሜራውንም ይበላል

የባቱ ልጅ
የተቃጠለ ዘይት ያለህ ሰው ይቅርታ ያድርግልኝና ሞተርህን አይወደውም። እኔ አድርጌው አይቻለሁ። ለሁለት ሳምንት ቅቤ ሆነልኝ ከዛ አቧራው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ እንደ ጭቃ ደረቀ፣ አንድ ቀን ከባቱ ወጣ እንዳልኩ ግማሹ ቁልፍ እጄ ላይ ግማሹ ውስጥ ቀረ። ሞተር እየገፋሁ በፀሐይ ስንት ሰዓት እንደሄድኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እኔ ያጠፋሁት ደግሞ በቀረው ግማሽ ገፋ ገፋ ማድረጌ ነው፣ ይበልጥ ወደ ውስጥ ገባ። መካኒኩ የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ በሞረድ እስኪሳሳ ሞርዶ በጎን አስገብቶ በምላጩ ጥርስ ጎትቶ አወጣው። ሱፐር ግሉ ቀብቼ ላውጣው የሚል ካለ በጭራሽ!

አሁን የማደርገው፣ መጀመሪያ ደብሊውዲ ፎርቲ (WD-40፣ በጣሳ የሚመጣው የሚነፋ ፈሳሽ) ነፍቼ ቁልፉን አስገባለሁ አወጣለሁ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ጥቁሩ እስኪያልቅ። እሱ ማጠቢያ እንጂ ማለስለሻ ብላችሁ አትመኑበት፣ የስሙም ትርጉም ውሃ ማስለቀቂያ ነው፣ በ1953 እ.ኤ.አ አሜሪካ ውስጥ ሲሰራ 40ኛው ሙከራ ላይ ስለተሳካ ነው 40 የተባለው። ካደረ በኋላ በደንብ ሲደርቅ እርሳስ (2ቢ ቢሆን ጥሩ ነው) ቁልፉ ላይ ግራ ቀኝ እያሸሁ አስር ጊዜ አስገብቼ አወጣለሁ። የእርሳሱ ጥቁር፣ ግራፋይት የሚባለው፣ ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይዝም። ብዙ ግን አታድርግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ከስር የማስነሻው ኮንታክት አለ

እማማ ሲንጀር
እኔ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ነው የማደርገው፣ አራት ዓመት ምንም አልሆነም

የባቱ ልጅ
@እማማ ሲንጀር አስፋልት ላይ ከሆንሽ እህቴ ልክ ነሽ፣ ቀጭን ዘይት ነው። እሱ ያለበት አቧራ ላይ ግን አይሆንም። ሁለቱን ደግሞ አትቀላቅሉ፣ ዘይትና ግራፋይት አንድ ላይ ጥቁር ሊጥ ነው የሚሆነው። የሰርባቶዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) ክዳን ቁልፍም አትርሱ እሱ ነው ሰማይ እያየ አቧራና ዝናብ የሚጠጣው። ሞተር ስታሳጥቡም የውሃውን ግፊት ቀዳዳው ላይ እንዳያደርጉት ንገሯቸው

የጅማው ሐኪም
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እንጨት ሰሪ ጓደኛዬ ሞርሳ ላይ አቃናልኝ፣ ሲቃና ጥልቁ ጥርስ ጋ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አየን፣ አንድ ሁለቴ ባዞረው ኖሮ አልቆለት ነበር። ሁለት አስቀረጽኩ። ቀዳዳውን ሳጥበው የወጣው ቀይ አፈር ጨርቁን ጡብ አስመስሎታል፣ ሶስት ጨርቅ ጨረስኩ። ዛሬ ጠዋት መሪውን እያወዛወዝኩ በሁለት ጣት ነው የከፈትኩት። አንዱን ቁልፍ ባለቤቴ ጋ አስቀምጫለሁ፣ አሮጌው ደግሞ ሕክምና ቦርሳዬ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ለሞዴል ተቀምጧል። ላሟም ደህና ናት፣ ሴት ጥጃ ወልዳለች