ቆጠራው አልገጥም አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዳማ የምኖር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በአነስተኛ ኃይል ስለሚሠሩ ኤሌክትሮኒክስ የታተሙ ጥናቶችን እየቆጠረ አካሄዳቸውን የሚመረምር ነው። መነሻዬ 1992 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቻንድራካሳን፣ ሼንግና ብሮደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የሲሞስ (የአብዛኛው ቺፕ መሥሪያ የሆነው የትራንዚስተር ቴክኖሎጂ) ዲጂታል ሰርኪዩት ንድፍን በዚህ ዓይን ያዩበት ጽሑፍ በዚያ ዓመት ወጥቷል። ቮልቴጅ በግማሽ ሲቀንስ ትራንዚስተሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚባክነው ኃይል ወደ ሩብ እንደሚወርድ ያኔ መስኩ በደንብ ይዞታል።

ችግሩ ስኮፐስ ከሚባለው የምርምር ጽሑፎች የመረጃ ቋት ያወረድሁት ዝርዝር ነው። «አነስተኛ ኃይል» ብዬ በእንግሊዝኛ ስፈልግ ስለ ሌዘር ጨረር ሕክምና የተጻፈው ሁሉ ተግተልትሎ ይመጣል። «ሲሞስ» የሚል ቃል ስጨምርበት ደግሞ ስለ ሶፍትዌርና ስለ ገመድ አልባ መረብ የሚያወሩት ደህና ጽሑፎች ይጠፋሉ። ሦስት ሌሊት አንድ በአንድ ስለቅም አነጋሁ፤ ዓይኔ ቀላ እንጂ ዝርዝሩ አልጠራም።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ድግግሞሹ ነው። በዚህ መስክ ሰው መጀመሪያ በጉባኤ ያቀርባል፤ ቆየት ብሎ ያንኑ አስፍቶ በመጽሔት ያሳትማል። ርዕሱ በሁለት ቃል ስለሚለያይ ኮምፒውተሩ ሁለት ብሎ ይቆጥረዋል። አንድ ልበለው ወይስ ሁለት? የእኛ አገር ጸሐፊዎች ስምማ አይነሣ፤ አንዱ ሰው አንዴ በራሱ፣ አንዴ በአባቱ ስም ይመዘገብና ሁለት ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል።

አማካሪዬ «አንተው ወስን» ብለውኛል። እንዲህ ያለ ቆጠራ የሠራችሁ፣ የጉባኤውንና የመጽሔቱን ጽሑፍ እንዴት እንዳስታረቃችሁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም። ረቂቁን የማስረክበው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው።