«ይስላል» ሲባል የትኛው ነው?

አራዳ ነኝ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቤታችን ጊዮርጊስ ጀርባ ነው፣ ግቢው የጋራ። ታናሽ ወንድሜ ሥዕል መማር ጀምሮ ከክፍሉ አይወጣም። ጎረቤታችን እማማ «ልጁ ምን ሆኖ ነው የጠፋው?» አሉኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ይስላል» አልኳቸው። በቃ። ማታ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር ለውሰው በብርጭቆ ይዘው መጡ፤ ልጁም እጁ ቀለም በቀለም እንደሆነ፣ እምቢ ማለት ነውር ሆኖበት፣ ፊቱን እያጨማደደ ላሰው።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሠዓሊ ይስላል፣ ጉንፋን የያዘው ይስላል፣ ቢላ የሚሞርደውም ይስላል። ጊዮርጊስ ሄደን ደግሞ እንሳላለን። አንድ ቃል ነው እንዴ? አባቴ «ሁሉም መፋቅ ነው፤ ሞረዱ ቢላውን ይፍቃል፣ ብሩሹ ሸራውን ይፍቃል፣ ሳሉም ጉሮሮ ይፍቃል» ብሎ ዘጋው። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም።

የቆሎ ተማሪ፦
አባትህ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ ግን አይደለም። አራት ቃል ነው። ግዕዙ ላይ ለየብቻ ታገኛቸዋለህ። የሥዕሉ ሠዐለ ነው፣ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ። የቢላው ሰሐለ ነው፣ በሐመሩ ሐ። ራስ ሚካኤል ስሑልን አስታውስ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከትግራይ ተነስቶ ጎንደር ላይ ንጉሥ ሲያነግሥና ሲያወርድ የነበረውን፤ ስሑል ማለት የተሳለ፣ ስል ማለት ነው። የስለቱ ደግሞ ሰአለ ነው፣ በአልፋው አ፤ ለመነ፣ ጠየቀ። ቅዳሴ ላይ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የሚባለው «ለምኝልን» ለማለት ነው (እኔ ልጅ ሳለሁ የማርያምን ሥዕል የሣለው ሰውዬ የሚጠራ ይመስለኝ ነበር፣ አትሳቁ)። ሳል ሰዐለ ነው፣ እሱም በዐይኑ ዐ። አማርኛ እነዚህን የጉሮሮ ድምፆች ሲውጣቸው አራቱም «ሳለ» ሆነው ቁጭ አሉ። ሰሐበ ሳበ፣ ሰሐተ ሳተ፣ መሐረ ማረ እንደሆነው።

ካዛንችስ፦
ትግርኛ ተናጋሪ ነኝ፣ እኛ ጋ ይሄ ችግር የለም። ቢላ ሲሆን ሰሓለ፣ ሳል ሲሆን ሰዓለ፣ ሥዕል ሲሆን ሰኣለ። ጉሮሮህ ካልሰነፈ በጆሮ ብቻ ትለያቸዋለህ። መርካቶ አረብኛ የሚችል ሰው ብትጠይቅም ሱኣል ጥያቄ፣ ሱዓል ሳል ነው የሚልህ። የስለቱ እና የሳሉ ልዩነት እዚያም ያችው አንዷ ድምፅ ናት።

ሞረድ፦
እኛ ሰፈር በበዓል ሰሞን የሚመጣ ቢላ ሳይ አለ። ብስክሌቱን አቁሞ ፔዳሉን ይመታል፣ ድንጋዩ ይዞራል፣ ብልጭታው እስከ ደረቱ ይረጫል። አቧራው ጉሮሮው ውስጥ ስለሚገባ እየሳለ ነው የሚስለው። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ይሄን እንዴት እንደሚጽፈው እንጃ። ለማንኛውም «ምስል»ም ከዚሁ የመጣ ነው አይደል?

የቆሎ ተማሪ፦
@ሞረድ አይደለም። ምስል ከመሰለ ነው፣ ምሳሌም እንደዚሁ። መ ሥር ውስጥ ያለች ናት፣ ከፊት የተለጠፈች አይደለችም። ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ሥዕል የሚመስል ነገር ስለሆነ። የሰውዬህን ነገር ደግሞ ቀላል ነው፦ «እየሰዐለ ይሰሕል»። ግማሽ ግዕዝ ሆነ፣ ይቅርታ።

ካዛንችስ፦
አንተ ራስህ ቅድም «ልጅ ሳለሁ» ብለሃል። እሱስ? አምስተኛ ሊሆን ነው?

የቆሎ ተማሪ፦
ያዝከኝ። እሱ ከአራቱም አይዛመድም። «ስሄድ»፣ «ስበላ» ላይ ያለችው ስ «አለ» ላይ ገብታ ነው። ሳለሁ ማለት እያለሁ። ለዚህ ነው እኔ ሥዕልን በእሳቱ ሰ የሚጽፍ ሰው ሳይ ደሜ የሚፈላው። ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል፣ ፊደሉን እንኳ እናትርፍ እንጂ።

ሞረድ፦
ስልክ ላይ ሠን ፈልጎ እስኪያገኝ ማን ይጠብቃል ወንድሜ።

አራዳ ነኝ፦
ተባረኩ። ለአባቴ አነበብኩለት፣ «እነሱም ይፍቃሉ» አለኝ። ባሰ የመጣው ግን ሌላ ነው። እማማ ዛሬ ጠዋት በር ላይ አገኙኝና «ሳሉ ተወው?» አሉኝ። «ደህና ነው» አልኳቸው፣ ማስረዳት ሰልችቶኝ። እጃቸውን ወደ ጊዮርጊስ ዘርግተው እልል አሉ። ለካ ተስለውለት ኖሯል፣ አንድ እስር ጧፍ! እሁድ ስለቱን ሊያስገቡ ነው፣ ልጁም አብሯቸው ይሂድ ብለዋል። አሁን ምን ልበላቸው?