ስኳር ክትትል ላይ ድድም ይታይ፦ የጋራ ሐሳባችንን እናርቅቅ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር 5 የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ነው። ማኅበራችን ለሆስፒታሉ የሚያስገባው ሐሳብ ግን እስካሁን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ስኳር ያለበት ሰው ድዱም ይታይለት»። እስቲ የጎደለውን ሙሉ።

የጥርስ ሐኪሙ፦ መጀመሪያ ምክንያቱ ይጻፍ። ስኳር ከቁጥጥር ሲወጣ ሰውነት ኢንፌክሽን የመከላከል አቅሙ ይዳከማል፣ ድድም ቶሎ አይድንም። የከረመ የድድ ሕመም ደግሞ በተራው ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። አንዱ ሌላውን ያባብሳል ማለት ነው። ሐራልድ ሎ የተባሉት ተመራማሪ የድድ ሕመምን «ስድስተኛው የስኳር መዘዝ» ያሉት እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። እኛ ጋ ዓይንና እግር ይታያል፣ አፍ የሚያስከፍት ግን የለም።

አንድ አባል፦ እውነት ነው ዶክተር። እኔ በየክትትሉ ጫማ አውልቅ እባላለሁ፣ አፍህን ክፈት ያለኝ ግን የለም። ሰዉም ድዱ ሲደማ መፋቂያው ሻካራ ሆኖ ነው ብሎ ያልፈዋል። ለምን «ጥርስዎን ያሳጥቡ፣ ከስኳር ይገላገሉ» ብለን አንለጥፍም? ሰው ይጎርፋል።

የጥርስ ሐኪሙ፦ እሱ ላይስ አልፈርምም! ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምገማ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አይቷል። የድድ ሕክምና ካገኙ ከ3 እስከ 4 ወር በኋላ የሦስት ወሩ የስኳር ውጤት (ኤዋንሲ) በአማካይ በ0.43 የመቶኛ ነጥብ ወርዷል። ቀላል አይደለም። ግን ክኒኑንም ኢንሱሊኑንም አይተካም። ሰው መድኃኒቱን ቢያቆም ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

ገንዘብ ያዥ፦ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ገዝተን ብናድልስ? ፎቶውም ያምራል።

ሲስተር፦ ፎቶው ያምራል፣ ጥርስ ላይ ደርቆ ድንጋይ የሆነው ቆሻሻ ግን በብሩሽ አይነሳም። ገንዘቡ ለማሳጠቢያ አቅም ለሌለው ይዋል። ሌላው፣ ሥራው መቼም እኛ ነርሶች ላይ መውደቁ አይቀርም፤ ወረፋውን ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ይጠር። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ሲቦርሹ ይደማል? የሚነቃነቅ ጥርስ አለ? ባለፈው ዓመት የጥርስ ሐኪም አይቶዎታል? ከደማ፣ ከተነቃነቀ ወይም ዓመት ካለፈው ወደ ጥርስ ክፍል ይጻፍለት።

የጥርስ ሐኪሙ፦ ሲጋራም ይጨመር። የሚያጨስ ሰው ድዱ ታሞም ብዙ ላይደማ ይችላል፤ «አይደማኝም» ስላለ ብቻ አትለፉት። ሕመሙም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሳያም ነው የሚገፋው።

ሲስተር፦ ልክ ነዎት ዶክተር፣ አራት ይሁን። አንድ ነገር ግን አደራ። ጠዋት ሳይበሉ ለደም ምርመራ የመጡትን በዚያው ወደ ጥርስ ክፍል አንላክ። ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበላ ወረፋ የያዘ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። በልተው፣ መድኃኒታቸውን ወስደው በቀጠሮ ይምጡ።

ሰብሳቢ፦ እንዲህ ልጻፈው፦ «በክትትል ቀን ነርሷ አራት ጥያቄ ትጠይቃለች። ምልክት ያለበት፣ የሚያጨስ ወይም የጥርስ ሐኪም ካየው ዓመት ያለፈው ሰው ወደ ጥርስ ክፍል በቀጠሮ ይላካል። ማኅበሩ አቅም ለሌላቸው የማሳጠቢያ ወጪ ያግዛል። የድድ ሕክምና የስኳር መድኃኒትን አይተካም።» የመጨረሻዋ በደማቁ ትጻፍ። ገንዘብ ያዥ፣ የማሳጠቢያውን ዋጋ ጠይቅና እስከ ዓርብ አሳውቀን። ብሩሹ ቀርቷል።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ። ፎቶ ግን አይቀርም።